ሰኔ 30 ሳይደርስ፦ ቱሉ ዲምቱ ላይ ለልጃችሁ ትንሽ ትምህርት ቤት ስትመርጡ

ቱሉ ዲምቱ ላይ አብዛኛው ወላጅ ትምህርት ቤት የሚመርጠው ልጆች በሌሉበት ነው። ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ ዝናቡ ጋብ ሲል ጃንጥላውን ይዞ ይወጣል፤ ሦስት አራት በር ያንኳኳል። የግቢው ሣር ለምልሟል፣ ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቷል፣ ከበሩ ጎን የሚኪ ማውስ ሥዕል አለ። ጸሐፊዋ ፎርም ትሰጠዋለች፣ ይሞላል፣ ይከፍላል። ያስመዘገበበትን ትምህርት ቤት በሥራ ላይ የሚያየው መስከረም ላይ ልጁን ሲያደርስ ነው። እኔም ለመጀመሪያ ልጄ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ያየሁት ቀለሙን ነበር፤ የከፈልኩትም ለቀለሙ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ልጄ ካርዷ ላይ አማርኛ 96 አምጥታ፣ የታክሲ ታፔላ ማንበብ ግን አቅቷት አገኘኋት።

ለሁለተኛው ልጄ ግንቦት ላይ ጀመርኩ፤ ከዚህ በታች ያለው ያኔ የሄድኩበት አካሄድ ነው። የምናገረው ስለ ትንንሾቹ ትምህርት ቤቶች ነው። ቪላ ቤት ተከራይቶ የሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት ቢሆን፣ ወይም ኮንዶሚኒየሙ ሳይመጣ ለገበሬው ልጅ የተከፈተ የመንግሥት ትምህርት ቤት ቢሆን፣ አመዛዘኑ አይለያይም። በየክፍሉ አንድ ወይም ሁለት ሴክሽን ብቻ ያለው፣ መምህራኑ በጣት የሚቆጠሩበት ትምህርት ቤት ጥሩነቱም ክፋቱም ቶሎ ይታያል። የሚያይ ሰው ግን ያስፈልገዋል።

መጀመሪያ መንገዱን

ግቢውን ከማየታችሁ በፊት መንገዱን እዩት። ልጁን ይዛችሁ፣ ጠዋት 1፡30 ላይ፣ በእግር ሂዱ። በእናንተ እርምጃ አሥር ደቂቃ የሆነው በሰባት ዓመት ልጅ እግር ሃያ ሊሆን ይችላል፤ ያውም ቦርሳ ሳይሸከም። ቱሉ ዲምቱ በአፋን ኦሮሞ «ቀይ ኮረብታ» ማለት ነው፤ ሜዳው ላይ ስትወርዱ የምትረግጡት ግን ጥቁሩን መረሬ ነው። በጋ ላይ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ላይ ጫማ ያስቀራል። አስፋልቱ የት ላይ እንደሚያልቅ፣ ኮብልስቶኑ እስከ የት እንደሚሄድ፣ ከዚያ ወዲያ ልጁ የመስከረምን ጭቃ በምን እንደሚያልፈው አስቡ። ነፋሱንም አትርሱ፤ የበጋ ከሰዓት አቧራው ዓይን አያስገልጥም።

ከሁሉ የሚብሰው ዋናው መንገድ ነው። በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚነሳው ከዚሁ ከቱሉ ዲምቱ ነው፤ የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ተሳቢውን ጎትቶ በአደባባዩ በኩል ይመጣል። እዚህ ላይ የእኔ ፍርድ ጠንካራ ነው። ከ4ኛ ክፍል በታች ያለ ልጅ ያለ አዋቂ ዋናውን መንገድ የሚሻገርበት ከሆነ፣ ትምህርት ቤቱ የፈለገውን ያህል ጥሩ ቢሆን ከዝርዝራችሁ ሰርዙት። «ሰርቪስ አለን» ካሉ መኪናውን እዩት። አንድ ሚኒባስ ውስጥ ስንት ልጅ እንደሚጫን፣ በር የሚከፍትና የሚያወርድ ሰው መኖር አለመኖሩን ልጆቹ ሲጫኑ ቆማችሁ ቁጠሩ። በስልክ የሚነግሯችሁን ቁጥር አትመኑ።

ፍሬም ውስጥ ያለው ወረቀት

የግል ትምህርት ቤት ከሆነ ዳይሬክተሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ በፍሬም የተሰቀለ የዕውቅና ፈቃድ ይኖራል። አብዛኛው ወላጅ ማኅተሙን አይቶ ያልፋል፤ እናንተ ቆማችሁ አንብቡት። በአዲስ አበባ ፈቃዱን የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው የከተማው የትምህርትና ሥልጠና ጥራት ቁጥጥር ባለሥልጣን ነው። የተፈቀደው ከስንተኛ እስከ ስንተኛ ክፍል ነው? አድራሻው ይህ ግቢ ነው ወይስ የሌላ ቅርንጫፍ? ጊዜው አላለፈም? ለመዋዕለ ሕፃናት ፈቃድ አውጥቶ በዓመቱ «1ኛ ክፍልም ጀምረናል» የሚል ካጋጠማችሁ፣ ልጃችሁ ነገ መልቀቂያ ሲጠይቅ ጣጣ ይመጣል።

ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ ያለ ሰፈር ነው። የሸገር ከተማ አስተዳደር ሩቅ አይደለም፤ ወዲህና ወዲያ ያሉ ትምህርት ቤቶች የማስተማሪያ ቋንቋም ሆነ የሚፈትናቸው አካል ሊለያይ ይችላል። «በየትኛው አስተዳደር ሥር ናችሁ? ትምህርቱ በአማርኛ ነው በአፋን ኦሮሞ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም።

ቀጥሎ የኢንስፔክሽን ውጤታቸውን ጠይቁ፤ የመንግሥትም የግልም ይመዘናል። ደረጃው አራት ነው። ከ50 በመቶ በታች ያመጣ ደረጃ 1፣ ከ50 እስከ 70 ደረጃ 2፣ ከ70 እስከ 90 ደረጃ 3፣ ከዚያ በላይ ደረጃ 4 ይባላል። ነጥቡ ደግሞ በሦስት ይከፈላል፦ ግብዓት 25፣ ሂደት 35፣ ውጤት 40። ወላጅ ሊያውቀው የሚገባው ይህን ክፍፍል ነው። ትንሽ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ የለውም፣ የኳስ ሜዳ የለውም፣ ቤተ መጻሕፍቱም አንድ መደርደሪያ ነው፤ ስለዚህ ግብዓት ላይ ይወድቃል። ሂደት የሚባለው ግን መምህሩ ክፍል ገብቶ የሚሠራው ሥራ ነው። «ደረጃ 2 ነን» ሲሏችሁ ፊታችሁን ሳታጠቁሩ «ሂደት ላይ ስንት አመጣችሁ?» በሉ። ግብዓቱ አነስተኛ ሆኖ ሂደቱ ጠንካራ የሆነ ትምህርት ቤት፣ ፎቅ ሠርቶ ሂደቱ ከደከመው ይሻላል። ጥያቄውን የሰማ ዳይሬክተር ወረቀቱን ፈልጎ ካወጣ አንድ ነጥብ ያዙለት፤ «እሱ እንኳን የውስጥ ሰነድ ነው» ካለ ደግሞ ይህንንም ያዙበት።

ሃያ ደቂቃ ከኋላ ወንበር

አንድ ክፍል ውስጥ ሃያ ደቂቃ ለመቀመጥ ፈቃድ ጠይቁ። 1ኛ ወይም 2ኛ ክፍል ይሁን፤ ከኋላ ተቀመጡ። መምህሯ «ገባችሁ?» ስትል ልጆቹ በአንድ ድምፅ «አዎ፣ ገባን ቲቸር!» ይላሉ። ይህ መዝሙር ነው፤ ምንም አይነግራችሁም። ቁጠሩ፦ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ስንት ልጅ ብቻውን ተናገረ? ሲሳሳት ምን ተባለ? የኋላው ረድፍ ላይ ያለው ልጅ ስሙ ተጠራ?

በአንደኛ ደረጃ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የኖረው ልክ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነበር፤ ትንሽ ትምህርት ቤት የሚመረጠውም ከዚህ በታች ስለሚይዝ ነው። 25 ልጅ ይዞ እንደ 60 የሚያስተምር መምህር ካያችሁ ግን ትንሽነቱ ምንም አልጠቀመም። ጠረጴዛው ላይ ወይም ከበሩ ኋላ ጎማ ወይም ዱላ ካያችሁም አትለፉት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ልጅ በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ መሆኑን ደንግጓል፤ «ለማስፈራሪያ ብቻ ነው» የሚለው መልስ እኔን አሳምኖኝ አያውቅም።

ደብተር ግለጡ

ጊዜ አጥታችሁ አንድ ነገር ብቻ የምታዩ ከሆነ ደብተር እዩ። «የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ደብተር ማየት እችላለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቶሎ የሚመጣላችሁ የጎበዟ ልጅ ደብተር ነው፤ በላስቲክ የተለበጠ፣ ጽሕፈቱ ዶቃ የመሰለ። አመስግናችሁ ተቀበሉና «ከኋላ የሚቀመጡ ልጆችም ይጨመርልኝ» በሉ።

ያን ግንቦት በገባሁበት አንድ ትምህርት ቤት ሦስት የአካባቢ ሳይንስ ደብተሮች ጎን ለጎን ዘረጋሁ። ርእሱ የውኃ ጥቅም ነው። «ውኃ ለመጠጥ፣ ለምግብ ማብሰያና ለጽሕና ይጠቅማል» ይላል የመጀመሪያው። «ለንጽሕና» ለማለት ነው፤ «ን» ቀርታለች። ሁለተኛውን ገለጥኩ፤ «ለጽሕና»። ሦስተኛውም «ለጽሕና»። ሦስቱም ግርጌ ላይ በቀይ እስክርቢቶ ትልቅ ራይት ተደርጓል፤ ቀኑም ፊርማውም አለ። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ተሳስቷል፤ ይህ ማንም ላይ ይደርሳል። ልጆቹ ግን እንደ ሥዕል ገልብጠውታል፣ መምህሩም ሳያነብ ራይት አድርጎበታል። ያቺን ቃል በዚያ ክፍል ውስጥ ያነበባት ሰው አልነበረም። ሌላ ምንም ሳልጠይቅ ወጣሁ።

ደኅና ደብተር ስሕተት አለበት። ልጁ ራሱ የፈጠረው ዓረፍተ ነገር አለበት፤ «እናቴ ሽሮ ስትሠራ እኔ ውኃ አቀብላለሁ» ዓይነት ነገር፣ መስመሩን ስቶ የወጣ። ስሕተቱ ላይ ተከቦበት ትክክሉ ከታች በልጁ እጅ እንደገና ተጽፎ ታያላችሁ። የሦስት ልጆች ደብተር ሦስት ዓይነት ነው። ቀኖቹንም ተከታተሉ፦ ሚያዝያ ላይ ሁለት ሳምንት ሙሉ ባዶ ከሆነና የፋሲካ ዕረፍት ብቻ ካልሸፈነው፣ መምህር አልነበረም ማለት ነው። በመጨረሻ የአንዱን ልጅ የጥቅምት ገጽና የግንቦት ገጽ አስተያዩ። በሰባት ወር ውስጥ ጽሕፈቱም ዓረፍተ ነገሩም ካልተለወጠ፣ ያ ልጅ ትምህርት ቤት ውሎ ገባ እንጂ አልተማረም።

ፊደሉን አዘበራርቁት

የድሮው የኔታ የልጅን ሽምደዳ ያውቁ ነበር። ልጁ ከሀ እስከ ፐ በዜማ ሲያወርድ ዓይኑ ሌላ ቦታ እንዳለ ስለሚገባቸው፣ ስንደዷቸውን ይዘው ከመሀል ይጠቁሙታል፤ ሀ ሁን ሲጨርስም አቡጊዳን ያስይዙታል። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፦ ያው ፊደል ነው፣ ተራው ግን ተዘበራርቋል፤ በዜማ የያዘ ልጅ እዚያ ላይ ይጋለጣል። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ቁራጭ ወረቀት ላይ «ጬ፣ ቁ፣ ኖ፣ ፅ፣ ሟ፣ ዤ» ብላችሁ ጻፉ፤ ከታች ሁለት መስመር አጭር ታሪክ ጨምሩ። የምታውቁት ጎረቤት እዚያ ትምህርት ቤት የሚማር የ2ኛ ክፍል ልጅ ካለው አስነብቡት። ከመማሪያ መጽሐፉ ግን አታስነብቡ፤ በቃሉ ይወጣዋል።

ይህ የእኔ ጥርጣሬ ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛው ገደማ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። እነዚያ ልጆች ካርድ አልነበራቸውም ማለት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በጥብቅ ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ በዓመቱም 3.2። የወደቁትም ክፍል ከክፍል እያለፉ 12ኛ የደረሱ ነበሩ። «ልጃችን ከክፍሏ ሦስተኛ ናት» ሲባል ክፍሉ ውስጥ ስንት ልጅ እንዳለ መጠየቅ ደግሞ ትንሽ ትምህርት ቤት ላይ የግድ ነው፤ እኔ ስምንት ልጅ ካለበት ክፍል ሦስተኛ የወጣች ተማሪ አውቃለሁ።

እንግሊዝኛን በተመለከተ አጭር ልናገር። «እኛ ጋ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው» የሚለው ወላጅን ቶሎ የሚያማልል ወሬ ነው። በሥርዓተ ትምህርቱ መሠረት በከተማዋ አንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ሲሆን፣ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል። «ጬ»ን ከ«ጨ» ያልለየ ልጅ በላቲን ፊደል ተአምር አይሠራም።

ግቢውን ዙሩ፣ ዘበኛውን አነጋግሩ

ሽንት ቤቱን ክፈቱ። ዳይሬክተሩ «ወደዚያ እንኳን አትሂዱ፣ እየታደሰ ነው» ቢሉም ሂዱ። የሴትና የወንድ ተለይቷል? ከውስጥ የሚቆለፍ መቀርቀሪያ አለው? አጠገቡ ውኃ አለ? አዲስ አበባ ከምትጠጣው የከርሰ ምድር ውኃ ብዙው ከዚሁ ከአቃቂ ጉድጓዶች ይቀዳል፤ ሆኖም ቧንቧው በፈረቃ ነው። ስለዚህ ሮቶው የት እንዳለ፣ ስንት ሊትር እንደሚይዝ፣ በጠፋበት ቀን ምን እንደሚያደርጉ ጠይቁ። ሽንት ቤት ጠልታ ቀኑን ሙሉ ሽንቷን የምትይዝ ልጅ የምትማረው ነገር የለም፤ ይህን እናቶች ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ከዚያ መምህራኑ። አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «አምና ከነበሩት መምህራን ዘንድሮ ስንቱ አሉ?» ስድስት መምህር ካለው ትምህርት ቤት ሁለቱ ሲለቁ የትምህርት ቤቱ ሲሶ ሄደ ማለት ነው፤ በታችኞቹ ክፍሎች አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት በሚይዝበት ቦታ ደግሞ የልጃችሁ ዓመት ሙሉ በሙሉ ያ ሰው ነው። ሲታመም ማን እንደሚተካውም ጠይቁ። ዳይሬክተሩ የማይነግራችሁን ዘበኛውና ከበሩ ፊት ለፊት ያለችው የሱቅ ባለቤት ይነግሯችኋል፤ ከሱቁ ማስቲካ ገዝታችሁ ሰላም በሉ። መምህራን ስንት ሰዓት እንደሚገቡ፣ ልጆች ሲለቀቁ እስከ ስንት ሰዓት በር ላይ እንደሚቆሙ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

የትንሽ ትምህርት ቤት ትልቁ ሀብት መተዋወቅ ነው፤ እሱንም ፈትኑት። ከዳይሬክተሩ ጋር ግቢ ውስጥ እየሄዳችሁ የሚያልፍ ልጅ ስታዩ «ይህ ማን ይባላል?» በሉ። ስሙን ብቻ ሳይሆን «እናቱ አራስ ናት፣ ሰሞኑን አያቱ ናቸው የሚያመጡት» ካሏችሁ ጥሩ ቦታ ደርሳችኋል።

ገንዘቡ

የግል ከሆነ ወርሃዊውን ብቻ አትጠይቁ። ምዝገባ፣ መጽሐፍ፣ ዩኒፎርም፣ ሰርቪስ፣ የክረምት ትምህርት፣ የወላጆች ቀን መዋጮ፣ የመዋዕለ ሕፃናት ምርቃት ካባ ኪራይ (ትንሽ ልጅ ካባ አልብሶ ማስመረቅን ማን እንደጀመረው ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር)፣ ሁሉንም ደምራችሁ ለአሥራ ሁለት አካፍሉት። ክፍያው የአሥር ወር ነው የአሥራ ሁለት? ጭማሪ ሲኖር ወላጅን ሰብስበው ይነጋገራሉ ወይስ በወረቀት ይልካሉ? መልሱን በጽሑፍ ያዙ።

የመንግሥት ትምህርት ቤት ላይ አፍንጫችሁን አትንፉ። የከተማው አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ዩኒፎርምና ደብተር ያቀርባል፤ የትናንሾቹን ቁርስና ምሳም ይችላል። ከላይ ያልኳችሁን የደብተርና የፊደል ፈተና በግሉም በመንግሥቱም ላይ ሞክሩት፤ ሰፈራችሁ ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ካለፈ፣ የተረፋችሁን ገንዘብ የተረት መጽሐፍ ግዙበት።

ስለ 6ኛ ክፍል

በአዲሱ ሥርዓት አንደኛ ደረጃ እስከ 6ኛ ክፍል ነው፤ በመጨረሻውም ከተማ አቀፍ ፈተና አለ። በር ላይ «6ኛ ክፍል 100 በመቶ አሳልፈናል» የሚል ባነር ታያላችሁ። ስንት ልጅ እንዳስፈተኑ ጠይቁ። አራት አስፈትኖ አራቱን ማሳለፍ መቶ በመቶ ነው። ያ ክፍል 4ኛ ላይ እያለ ስንት ልጅ እንደነበረውም ጨምሩና ጠይቁ፤ አሥራ አምስት ከነበሩ አሥራ አንዱ የት ሄዱ? ደካሞቹ 5ኛ መጨረሻ ላይ መልቀቂያ እየተሰጣቸው ከሆነ ነገ የእናንተም ልጅ ሊሆን ይችላል። ትምህርት ቤቱ 4ኛ ላይ የሚያበቃ ከሆነ ደግሞ የሚቀጥለውን ከአሁኑ ፈልጉ፤ እዚህ ሰፈር ሰው በየዓመቱ ስለሚጨምር ወንበር እስኪለቀቅ አይጠበቅም።

ወደ ምዝገባ ስትሄዱ የልጁን የልደት ሰርተፍኬት፣ የክትባት ካርድ፣ ፎቶግራፍና የነዋሪነት መታወቂያችሁን ያዙ። 1ኛ ክፍል የሚገባው ሰባት ዓመት የሞላው ነው፤ ዕድሜ ጨምራችሁ አታስገቡ።

ይህን ሁሉ ለማየት አንድ ጠዋትና አንድ ከሰዓት ይበቃል፤ ግን ልጆቹ ግቢ ውስጥ እያሉ መሆን አለበት። ትምህርት የሚዘጋው ሰኔ መጨረሻ ነው። ከፈተናው ሰሞን በፊት፣ ግንቦት ላይ፣ አንድ ቀን ከመሥሪያ ቤታችሁ አስፈቅዱ።